ከሃዲ ተብለው አገረ ገዥ የሆኑት ሰው

የፓኪስታን ታሪክ በተነሳ ቁጥር በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጡት ስሞች ሁለት ናቸው፤ ሙሐመድ ዓሊ ጂናህና ባለቅኔው ሙሐመድ ኢቅባል። ሦስተኛ ስም ጥቀስ ቢባል የሚቸገረው ብዙ ነው። ይሁንና ማርች 23 ቀን 1940 ላሆር ከተማ ላይ በተካሄደው የሙስሊም ሊግ ጉባኤ፣ ሙስሊሞች በሚበዙባቸው የሰሜን ምዕራብና የምሥራቅ ሕንድ አካባቢዎች ራሳቸውን የቻሉ መንግሥታት ይቋቋሙ የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ ቆመው ያቀረቡት ጂናህ አልነበሩም። ኢቅባልማ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አኼራ ሄደዋል። ሐሳቡን ያቀረቡት በጊዜው የቤንጋል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አቡል ቃሲም ፈዝሉል ሐቅ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ እኚሁ ሰው በፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር አንደበት የፓኪስታን ከሃዲ ተባሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ያው መንግሥት የምሥራቅ ፓኪስታን አገረ ገዥ አድርጎ ሾማቸው። ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሰውየው ተለዋወጡ? ወይስ ከሃዲ የሚለው ቃል ሲያሻው የሚለጠፍ፣ ሲያሻው የሚነሳ ተራ ማስታወቂያ ነበር? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ሰውየውም ቢሆኑ ከነቀፋ የጸዱ ናቸው አልልም።

ፈዝሉል ሐቅ በ1873 በደቡብ ቤንጋል፣ ወንዝና ውሃ በሚበዛበት በባሪሳል አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ጠበቃ ነበሩ። ልጁ ቁርኣንን፣ ዐረብኛንና ፋርስኛን በቤት ውስጥ ተምሮ፣ በኋላ ካልካታ ወርዶ በሒሳብ ትምህርት የማስተርስ ዲግሪ፣ ቀጥሎም የሕግ ዲግሪ ያዘ። ያን ጊዜ በቤንጋል ሙስሊሙ በቁጥር የሚበዛ፣ በትምህርትና በሥራ ግን ወደ ኋላ የቀረ ሕዝብ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዘ ሙስሊም በጣት ይቆጠራል። ከሒሳብ ሊቅነት ይልቅ ጥብቅናን፣ ከጥብቅናም ይልቅ ፖለቲካን የመረጡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1906 ሙስሊም ሊግ ዳካ ላይ ሲመሠረት ከተባባሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ጥቂት ዓመታት በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የወረዳ ሹም ሆነው ሠሩና ለቀቁ፤ በ1913 ወደ ቤንጋል ሕግ አውጭ ምክር ቤት ገቡ። በ1918 የሙስሊም ሊግን ዓመታዊ ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርተዋል፤ በዚያው ሰሞን የኮንግረስ ፓርቲ ዋና ጸሐፊም ነበሩ። ዛሬ ለሚሰማው ግራ ያጋባል፤ ያኔ ግን ሁለቱ ድርጅቶች ገና አልተቆራረጡም። በ1919 የእንግሊዝ ጦር አምሪትሳር ላይ ባዶ እጁን በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ጥይት ባርከፈከፈ ጊዜ፣ ኮንግረስ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከነጋንዲ ጋር ከሰየማቸው ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከኮንግረስ የተለዩት በ1920 ነው። ጋንዲ ተማሪዎች የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ጥለው ይውጡ ባሉ ጊዜ ፈዝሉል ሐቅ አልተስማሙም። የሌላው ልጅ ትምህርት ጠግቦ ነው የሚወጣው፤ የሙስሊሙ ልጅ ግን ገና በሩን አልረገጠም የሚል ነበር መከራከሪያቸው። በ1924 ለጥቂት ወራት የትምህርት ሚኒስትር ሲሆኑ፣ በ1937 የቤንጋል ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑም የትምህርት ሚኒስቴርን ለማንም አልሰጡም፤ ደርበው ያዙት። በካልካታ ለሙስሊም ወንዶች እስላሚያ ኮሌጅ፣ ለሙስሊም ሴቶች ሌዲ ብራቦርን ኮሌጅ የተከፈቱት በእሳቸው ጥረት ነው። በ1935 ደግሞ የካልካታ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ ከሙስሊም የመጀመሪያው ናቸው።

የዝናቸው ምንጭ ግን ኮሌጁም ከንቲባነቱም አይደለም። ገበሬው ነው።

የቤንጋልን ገበሬ ኑሮ ለኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አይከብድም፤ ጭሰኛ የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል። እንግሊዞች በ1793 ባወጡት ደንብ መሬቱን ዘሚንዳር ለሚባሉ ባለርስቶች አስረክበው ነበር። ባለርስቱ ለመንግሥት የተወሰነ ግብር ይከፍላል፤ ከጭሰኛው የሚሰበስበውን ግን የሚቆጣጠረው የለም። በምሥራቅ ቤንጋል ባለርስቱ በአብዛኛው ሂንዱ፣ አራሹ በአብዛኛው ሙስሊም ነበር፤ ይሁንና የዳካው ናዋብ ቤተሰብን የመሰሉ ሙስሊም ባለርስቶችም አልጠፉም። ገበሬው ሩዝና ለኬሻ መሥሪያ የሚሆነውን ጁት ያመርታል። ዝናብ ሲከዳው ወይም ሠርግና ሞት ሲመጣበት ወደ አራጣ አበዳሪው ይሄዳል። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የጁት ዋጋ አብሮ ወደቀ፤ ዕዳው ግን አልወረደም። ወለዱ ወለድ እየወለደ፣ አባት የተበደረውን ልጅ እየከፈለ፣ መሬቱ በፍርድ ቤት ሐራጅ ይሸጥ ነበር።

ፈዝሉል ሐቅ የገበሬዎችና የጭሰኞች ፓርቲ አቋቁመው በ1937 ምርጫ የተወዳደሩት ይህን ይዘው ነው። ፓቱአካሊ በሚባለው የምርጫ ቀበሌ የተጋጠሟቸው ከዳካው ናዋብ ቤተሰብ የሆኑት፣ ከእንግሊዝ የሰር ማዕረግ የተቀበሉት ኸዋጃ ናዚሙዲን ነበሩ። አካባቢው የናዋቡ ርስት ነው። ጭሰኛው በባለርስቱ መሬት ላይ ቆሞ ባለርስቱን ጣለ። ሁለቱም ሙስሊሞች፣ ሁለቱም ሰጋጆች ነበሩ፤ ልዩነቱ የዳቦ ነበር፤ እንደ አገሩ ወግ እንናገር ከተባለ የሩዝና የምስር።

ፈዝሉል ሐቅ ከሙስሊም ሊግ ጋር ተጣምረው መንግሥት አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ሊጉንም ተቀላቀሉ። ከዚያም ሕጎቹ ተከታትለው ወጡ። በ1938 የተሻሻለው የጭሰኛ ሕግ ባለርስቱ በልማድ የሚያስከፍላቸውን ልዩ ልዩ መዋጮዎች አስቀረ፤ ጭሰኛው የይዞታ መብቱን ሲያስተላልፍ ለባለርስቱ ይከፍል የነበረውንም እጅ መንሻ ሰረዘ። የዕዳ አስታራቂ ቦርዶች በየገጠሩ ተዘረጉ። በ1940 የወጣው የአበዳሪዎች ሕግ ደግሞ ወለዱ መያዣ ላለው ብድር በዓመት ከመቶ 8፣ መያዣ ለሌለው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ፣ ወለድ በወለድ ላይ እንዳይታሰብ፣ ተበዳሪው በጠቅላላ የሚከፍለውም ከዋናው ብድር እጥፍ እንዳያልፍ ደነገገ።

በሸሪዓ ሚዛን ከመቶ 8ም ቢሆን ሪባ ነው፤ ይህን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ፈዝሉል ሐቅ የሚመሩት እስላማዊ መንግሥት አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገረ ገዥ ሥር ያለ፣ ከሂንዱ አባላትም ጋር የሚመካከር ምክር ቤት ነው። ያም ሆኖ ስለ ሪባ ሐራምነት በየሚንበሩ ሲነገር የኖረውን ያህል፣ የአንድን ባለዕዳ ገበሬ መሬት ከሐራጅ ያዳነ ሕግ ያወጣ ሙስሊም ፖለቲከኛ ስንት እንደነበር ብንቆጥር ጣታችን ይተርፋል። ሕጉ ጉዳትም ነበረው። አበዳሪዎች ገንዘባቸውን ከገጠር ሲያሸሹ ሌላ ብድር የሚሰጥ ባንክ ስላልተተካ፣ ድሃው ገበሬ በችግር ጊዜ መበደር ሲያቅተው መሬቱን ወደ መሸጥ ሄደ። የዘሚንዳርን ሥርዓት ጨርሶ ማፍረስም አልሆነላቸውም፤ ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1940 ይፍረስ ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብም የፈረሰው አገር ከተከፈለ በኋላ በ1950 በወጣ ሕግ ነው።

ላሆር ላይ ያንን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት እንግዲህ በዚህ ዝና ላይ እያሉ ነው። የቤንጋል ነብር፣ ሸር ኤ ባንግላ፣ የሚለው ስም ተከትሏቸዋል። በሐሳቡ ውስጥ ፓኪስታን የሚል ቃል አልነበረም፤ መንግሥታት የሚለው ቃልም በብዙ ቁጥር ነበር የተጻፈው። በ1946 ሊጉ ዴልሂ ላይ አንድ መንግሥት በሚል ቀየረው። ይህች የአንድ ፊደል የምታህል ለውጥ በኋላ ስንት ደም እንዳስከተለች ስናይ፣ ቤንጋሎች የ1940ውን ጽሑፍ እየጠቀሱ መሟገታቸው አይገርምም።

ከጂናህ ጋር የነበረው ወዳጅነት አልዘለቀም። በ1941 የሕንድ እንደራሴ ፈዝሉል ሐቅን በጦርነቱ ጊዜ ባቋቋመው የመከላከያ ምክር ቤት አስገባቸው። ጂናህ ያለ እኔ ፈቃድ ነው፣ ውጡ አሉ። ፈዝሉል ሐቅ ወጡ፤ ነገር ግን የቤንጋል ሙስሊም ጉዳይ ቦምቤይ ተቀምጦ በሚሰጥ ትእዛዝ አይመራም የሚል መንፈስ ያለው የቁጣ ደብዳቤ ጽፈው ነው። በዓመቱ መጨረሻ ከሊጉ ተባረሩ። ሥልጣናቸውን ለማቆየት ከማን ጋር ተጣመሩ? የሂንዱ አክራሪዎች ድርጅት ከሆነው ከማሃሳባ መሪ ከሽያማ ፕራሳድ ሙከርጂ ጋር! ይህን የእሳቸው ወዳጆች እንኳ ሊያስተባብሉት አልቻሉም። በሃይማኖት መካከል ሰላም ለማውረድ ነው ተብሎ ይነገራል፤ ከፊሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለወንበር ብለው ነው የሚለውም ከእውነት የራቀ አይመስለኝም።

የአገረ ገዥን ብዕር ምንነት ያዩት በዚህ ወቅት ነው። ጃፓኖች በርማን ሲይዙ እንግሊዞች በምሥራቅ ቤንጋል ዳርቻ ያለው ሩዝና ጀልባ በጠላት እጅ እንዳይገባ ሩዙ እንዲነሳ፣ አሥር ሰውና ከዚያ በላይ የሚጭን ጀልባ እንዲወሰድ ወይም እንዲወድም አዘዙ። በወንዝ አገር ጀልባ መውሰድ እግር መቁረጥ ነው። አገረ ገዥው ጆን ኸርበርት ይህን ሲያደርጉ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አላማከሩም። ፈዝሉል ሐቅ በኦገስት 1942 የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉላቸው። በማርች 1943 ኸርበርት ወደ ቤተ መንግሥት ጠሯቸውና አስቀድሞ የተዘጋጀ የመልቀቂያ ደብዳቤ አቀረቡላቸው፤ ፈረሙ። መንግሥቱ ለናዚሙዲን ተሰጠ። በዚያው ዓመት የቤንጋል ረሃብ ደረሰ፤ የሟቾቹ ቁጥር በዝቅተኛው ግምት አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ በከፍተኛው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነው። ፈዝሉል ሐቅ በሥልጣን ላይ ቢቆዩ ረሃቡን ያስቀሩት ነበር ማለት አልችልም። ሕዝብ የመረጠውን ሰው ማንም ያልመረጠው ሰው በአንድ ማታ እንዳስወጣው ግን የታወቀ ነው።

በ1946 ምርጫ ሊጉ ቤንጋልን ጠራርጎ ወሰደ፤ የፈዝሉል ሐቅ ፓርቲ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ እሳቸው ግን ተመረጡ። በዚያው ዓመት ወደ ሊጉ ተመለሱ። በ1947 አገር ሲከፈል ዳካ ገብተው የክፍለ አገሩ መንግሥት ጠበቃ ሆኑ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ አለቀላቸው ተባለ።

አላለቀላቸውም። ያነሳቸው የቋንቋ ጉዳይ ነው። አዲሲቱ ፓኪስታን ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ የሕንድ መሬት የተለያዩ ሁለት ክንፎች ነበሯት። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በምሥራቅ የሚኖር፣ ቤንጋልኛ ተናጋሪ ነው። ዋና ከተማው፣ ጦሩ፣ ግምጃ ቤቱ ግን በምዕራብ ነበር። በ1948 ጂናህ ዳካ መጥተው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን አስታወቁ። ምክንያቱ አንድነት ነው፤ ኡርዱ በዐረብ ፊደል ስለሚጻፍም የበለጠ እስላማዊ ተደርጎ ታየ። ቤንጋልኛ የሂንዱ ቋንቋ ነው የሚሉም ነበሩ። እኔ ይህን ክርክር ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። ቁርኣን የቋንቋዎቻችሁን መለያየት በሱረቱ ሩም ከአላህ ታምራት ውስጥ ሲቆጥር፣ አንድን ሙስሊም ሕዝብ ቋንቋህ እስልምናህን ያጎድላል ማለት ከየት የመጣ ፊቅሕ ነው? ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 ዳካ ላይ ፖሊስ ቋንቋችን ይከበር ያሉ ተማሪዎችን ተኩሶ ገደለ። የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር በዚያን ጊዜ ናዚሙዲን ነበሩ።

ሽማግሌው ነብር ተነሱ። ከሁሴን ሸሂድ ሱህራዋርዲና ከመውላና ባሻኒ ጋር ኅብረት ግንባር መሥርተው በማርች 1954 ምርጫ ገቡ። ፕሮግራማቸው 21 ነጥቦች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ቤንጋልኛ ከመንግሥቱ ቋንቋዎች አንዱ ይሁን የሚል ነው። ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። ለሙስሊም መራጮች ከተመደቡት 237 መቀመጫዎች ግንባሩ 223ቱን ወሰደ። አገሪቱን የመሠረተው ሙስሊም ሊግ ከአሥር ያልበለጠ አገኘ። የክፍለ አገሩ ዋና ሚኒስትር ራሳቸው በአንድ ወጣት የተማሪዎች መሪ ተሸነፉ።

ፈዝሉል ሐቅ በአፕሪል 3 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በሜይ 30 ተሻሩ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። በመካከሉ ካልካታ ሄደው በቀድሞ ወዳጆቻቸው መካከል ስለ ሁለቱ ቤንጋሎች የጋራ ቋንቋና ባህል ስሜት የተሞላበት ንግግር አድርገዋል፤ ለአንድ የመንግሥት ኃላፊ ጥንቃቄ የጎደለው ንግግር ነበር። በአዳምጂ የጁት ፋብሪካ በቤንጋሎችና ቤንጋል ባልሆኑ ሠራተኞች መካከል በተነሳ ግጭት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። አንድ የአሜሪካ ጋዜጣም ነጻነት ይፈልጋሉ ብሎ ጻፈ፤ እሳቸው አላልኩም ብለው አስተባበሉ። ካራቺ ግን ምክንያት ትፈልግ ነበርና አገኘች። ጠቅላይ ገዥው ጉላም ሙሐመድ፣ ከእንግሊዝ ዘመን በተወረሰ አንቀጽ፣ የተመረጠውን መንግሥት አፍርሰው ጄኔራል ኢስካንደር ሚርዛን አገረ ገዥ አድርገው ላኩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙሐመድ ዓሊ ቦግራ በራዲዮ ቀርበው ከሃዲ አሏቸው። ቦግራ ራሳቸው የቤንጋል ሰው ናቸው። የላሆሩ ሰው በቤታቸው ታሰሩ።

ውድ አንባብያን፣ ከሃዲነት በሕግ ሞት የሚያስፈርድ ወንጀል ነው። ፈዝሉል ሐቅ ግን አልተከሰሱም፤ ምስክር አልተሰማባቸውም፤ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በኦገስት 1955 በካራቺ አዲስ ጥምር መንግሥት ሲቋቋም የእሳቸው ድምፅ አስፈለገ። ከሃዲው የፓኪስታን የአገር ግዛት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ! የአገር ጸጥታ ለከሃዲ በአደራ የተሰጠበት ሌላ አገር ካለ አላውቅም። በማርች 1956 ደግሞ፣ አገሪቱ እስላማዊ ሪፑብሊክ ተብላ ቤንጋልኛን ከኡርዱ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ያደረገው ሕገ መንግሥት በጸናበት ወር፣ የምሥራቅ ፓኪስታን አገረ ገዥ ሆነው ዳካ ገቡ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

እንግዲህ ብዕሩ በእጃቸው ገባ። ኸርበርት የያዘው፣ ሚርዛ የያዘው ብዕር። ምን አደረጉበት? አገረ ገዥ ከወገን በላይ መሆን ሲገባው የራሳቸውን ፓርቲ ሰው አቡ ሁሴን ሳርካርን ደገፉ፤ የሳርካር መንግሥት ምክር ቤቱን ሳይጋፈጥ ለወራት ቆየ። በ1956 መገባደጃ፣ የምግብ እጥረቱ በርትቶ የተራበ ሕዝብ ዳካ ላይ ሰልፍ ከወጣ በኋላ፣ ሥልጣኑ ወደ አዋሚ ሊጉ አታኡር ረሕማን ኻን አለፈ። ማርች 31 ቀን 1958 ፈዝሉል ሐቅ ብዕሩን አነሱ፤ አታኡር ረሕማንን ሽረው ሳርካርን ሾሙ። ካራቺ ያለው መንግሥት በአዋሚ ሊግ ድጋፍ የቆመ ስለነበር በዚያው ሌሊት አገረ ገዥውን ራሳቸውን ሻረ። ተተኪው ተጠባባቂ አገረ ገዥ ሳርካርን ሽሮ አታኡር ረሕማንን መለሰ። የሳርካር ሥልጣን ዕድሜ ግማሽ ቀን ገደማ ነበር።

በ1943 የተፈጸመባቸውን፣ በ1954 የተፈጸመባቸውን እሳቸውም በተራቸው በሌላው ላይ ፈጸሙ። ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎቻቸው ይህችን ሌሊት በአንድ መስመር ያልፏታል። እኔ ግን ከላሆሩ ቀን እኩል የምትነበብ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በእሳቸው አላበቃም። መንግሥታት በሳምንት የሚቀያየሩበት ክፍለ አገር ሆነ። በሴፕቴምበር 1958 በዳካው ምክር ቤት አባላቱ ወንበር ተወራውረው ምክትል አፈ ጉባኤው ተመተው በደረሰባቸው ጉዳት ሞቱ። በኦክቶበር ሚርዛ፣ ያኔ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፣ የጦር ሕግ አወጁ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጄኔራል አዩብ ኻን እሳቸውንም ከአገር አስወጧቸው። ምክር ቤቱም፣ ምርጫውም፣ 21ዱ ነጥቦችም አብረው ታጠፉ።

ፈዝሉል ሐቅ አፕሪል 27 ቀን 1962 ዳካ ላይ ዐረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ምሥራቅ ፓኪስታን ብዙ ደም ፈስሶ ባንግላዴሽ ሆነች። መቃብራቸው በዳካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አቅራቢያ፣ በሙጋሎች ዘመን ከተሠራ አንድ መስጊድ አጠገብ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ሰዎች ተቀብረዋል፤ አንዱ እሳቸው፣ ሁለተኛው ሱህራዋርዲ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው የፓቱአካሊው ተፎካካሪያቸው ኸዋጃ ናዚሙዲን ናቸው።